ካርታው ላይ የሌለው ፎቅ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ከባለቤቴ ጋር ሆነን ነው የምናነበው። ዛሬ ግን ብቻዬን ነው የምጽፍልዎ፤ በዚህ ጉዳይ አልተግባባንም።

ዘጠኝ ዓመት አዋሬ ተከራይተን ኖረናል። ሁለት ልጆች አሉን። አሁን ቀበና አካባቢ አንድ የግቢ ቤት አገኘን። ቦታው 150 ካሬ ነው፣ ካርታ አለው። ዋናው ቤት የድሮ ነው፣ ግን ጠንካራ ይመስላል። ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። በላያቸው ሶሌታ ተሞልቶ ሁለት ክፍል ተጨምሯል፤ በብረት ደረጃ ነው የሚወጣው። በረንዳውም በብሎኬት ተዘግቶ ከሳሎኑ ጋር ተቀላቅሏል። እነዚህ ሁሉ ካርታው ላይ የሉም። ፈቃድም አልወጣባቸውም። የሠራቸው የሻጯ ልጅ ነው፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ።

ሻጯ እናት ናቸው፣ በጣም ደግ ሰው። ካርታው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው። አራት ልጆች አሏቸው፤ አንዷ አሜሪካ ናት። ስለ ፈቃዱ ስጠይቃቸው «እስከ ዛሬ ማን ጠይቆን ያውቃል ልጄ» አሉኝ። ደላላው ደግሞ «አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሰርቪስ እስቲ አንድ አሳዪኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ዋጋው 11 ሚሊዮን ብር ነው። ያለ ሰርቪሱ ቢሆን 8 ነበር ይላል። አምስቱ ክፍሎች በወር 30 ሺህ ብር ይከራያሉ፤ ይህ ከባንክ ክፍያችን ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። በአሥር ቀን ውስጥ 600 ሺህ ብር ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለ ተብለናል። ውሉ ላይም 5 ሚሊዮን ብቻ ይጻፍ፣ ለቴምብርና ለግብር ይቀላችኋል ብለውናል።

ባለቤቴ «እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይገኝም» ይላል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እኔ ነኝ ፈሪ ወይስ እሱ ነው ቸኳይ? ደግሞ ከገዛን በኋላ ኩሽናውን ማደስ እፈልጋለሁ። ለዚህም ፈቃድ ይጠየቃል?

ቤት ፈላጊዋ፣ ከአዋሬ

ልጄ፣ ፈሪ አይደለሽም። ባለቤትሽ ቢቸኩልም አልፈርድበትም። ዘጠኝ ዓመት ኪራይ የከፈለ ሰው መሃል ከተማ የግቢ ቤት ሲያገኝ ልቡ ቢሸፍት ያለ ነው። ነገር ግን ሁለታችሁም የምትከራከሩት ቤቱን እንደ አንድ ነገር ቆጥራችሁ ነው። እኔ ከደብዳቤሽ ያየሁት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ካርታው ላይ ያለው ቦታና ዋናው ቤት ነው። እሱን ባንክ በመያዣነት ይቀበለዋል፣ ፍርድ ቤት ያውቀዋል፣ ነገ መልሳችሁ ልትሸጡት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ከኋላ የቆመው ፎቅ ነው። በዓይን ይታያል፣ ኪራይም ያስገባል፤ ወረቀት ላይ ግን የለም። ደላላው ሳያስበው ትልቅ ውለታ ውሎልሻል። «ያለ ሰርቪሱ 8 ነበር» ብሎ ሁለቱን በዋጋ ለየልሽ። ስለዚህ የተጠየቃችሁት ነገር ሲፍታታ እንዲህ ነው፦ ነገ አፍርሱ ሊባል ለሚችል ግንባታ 3 ሚሊዮን ብር ክፈሉ።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ደመወዛችሁን ጻፉ። የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ፣ የትምህርት ቤቱን፣ የአስቤዛውን፣ የትራንስፖርቱን ጻፉ። የ30 ሺውን ኪራይ ግን አትጻፉት። እንደሌለ ቁጠሩት። እንዲህም ሆኖ ክፍያውን ትችሉታላችሁ? ካልቻላችሁ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ቤቱ ምንም ቢያምር ለእናንተ አይሆንም፣ ከዚህ በታች ያለውንም ባታነቢው ይቻላል። ከቻላችሁ እንቀጥል።

እማማ «ማን ጠይቆን ያውቃል» ያሉት ውሸት አይደለም። በገዛ ቤቱ ዝም ብሎ የሚኖርን ሰው ማንም ላይጠይቀው ይችላል። ጥያቄ የሚመጣው ነገር ሲነካካ ነው። ቤቱ ሲሸጥ፣ ስም ሲዛወር፣ ባንክ መሐንዲስ ሲልክ፣ ተጨማሪ ቆጣሪ ሲጠየቅ፣ ጎረቤት ሲቀየም፣ መንገድ ሲሰፋ። እማማ ከእነዚህ አንዱንም ሳይነኩ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። እናንተ ግን ገና ከመግዛታችሁ ስም ዝውውሩንም ባንኩንም በአንድ ጊዜ ትቀሰቅሳላችሁ። ከክፍለ ከተማ ባለሙያ መጥቶ ለክቶ፣ መሬት ላይ ያለውና ካርታው አልገጥም ቢለው «መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ» ብሎ ፋይሉን ሊያቆመው ይችላል። ያን ጊዜ ገንዘባችሁ እማማ ዘንድ፣ ስሙ ሟች ዘንድ፣ እናንተ መሃል ላይ ናችሁ።

የባንኩም ነገር እንዲሁ ነው። የባንክ መሐንዲስ የሚገምተው ሰነድ ያለውን ነው። ፎቁን አይቶ በዝምታ ሊያልፈው ይችላል። ብድሩን በ11 ሚሊዮን አስባችሁ ከሆነ ግምቱ ሲመጣ ልትደነግጡ ነው። ስለዚህ የባንኩን ግምት ሳታዩ ምንም አትፈርሙ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርሽ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ ግንባታ አይጀመርም ይላል። ግንባታ የሚለውም ከመሠረት የሚጀመረውን ብቻ አይደለም። የነበረን ቤት ማሻሻልና አገልግሎቱን መቀየርም ይገባበታል። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት የሚገባው ቀለል ባለው ምድብ ነው። ሰዎች ይህን ይሰሙና «ትንሽ ቤት ፈቃድ አያስፈልጋትም» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። ቀለል የሚለው የሚጠየቀው ፕላንና ባለሙያ እንጂ ፈቃዱ አይቀርም። የእናንተ ሰርቪስ ደግሞ የተሠራው አዋጁ ከወጣ በኋላ ነው፤ የድሮ ነው፣ በፊት የነበረ ነው የሚባልበት መንገድ እንኳ የለውም።

ከዚያ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሰፈሩ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ምን እንዳደረጋቸው አዋሬ ሆነሽ በቅርብ ያየሽው ነው። ቀበና ከአራት ኪሎ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው፣ የወንዝ ዳርቻ ልማት የሚሉትም አለ። ግቢው ለወንዙ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ቤቱ ይፈርሳል እያልኩ አይደለም፤ ሟርተኛ አልሆንም። ይፈርሳል ቢባል ግን ካሣ የሚታሰበው በሕጋዊ ይዞታ ላይ በሕጋዊ መንገድ ለተሠራው ነው። ለዋናው ቤት የምትከራከሩበት ወረቀት አላችሁ። ለፎቁ ምን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ? ስለዚህ ወደ ክፍለ ከተማው ሄዳችሁ ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለምን እንደተመደበ ጠይቁ። መንገድ ነው? አረንጓዴ ቦታ ነው? መኖሪያ ነው? ይህን ሳያጣራ መሃል ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

አሁን ከደብዳቤሽ ሁሉ በጣም ወዳስደነገጠኝ ዓረፍተ ነገር ልምጣ። ስለ ፈቃድ የጻፍሽው አይደለም። «የሠራቸው የሻጯ ልጅ ነው» ያልሽው ነው።

ልጁ ገንዘቡን አውጥቶ ሠርቷል። ኪራዩን የሚሰበስበው ማን ነው? እሱ ከሆነ ቤቱን የሚሸጡልሽ እናቱ ናቸው፣ ፎቁን የራሴ ነው የሚለው እሱ ነው። እናትና ልጅ ዛሬ ተስማምተዋል እንበል። ገንዘብ ሲከፋፈል ነው ስምምነት የሚፈተነው። «እኔ የሠራሁትን እነሱ እኩል ሊካፈሉኝ» ብሎ ወንድም ወንድሙን የሚከስበት ቤት ሞልቷል። ያ ክስ ሲጀመር ቤቱ ይታገዳል፣ እገዳው ደግሞ በእናንተ ጊዜ ላይ ነው የሚቆጠረው።

እማማ ብቻቸውን ሻጭ አይደሉም። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የራሳቸው ነው። የሟች ድርሻ ግን ኑዛዜ ከሌለ ለልጆቹ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ መውጣት አለበት። ቀጥሎ ይዞታው በወራሾቹ ስም ይዛወራል። ከዚያ አራቱም ልጆች ከእናታቸው ጋር ይፈርማሉ። አሜሪካ ያለችው ውክልና ትልካለች፤ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ መቅረብ አለበት። ውክልናው ላይ «ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ መኖሩንም እዩ። «ለማስተዳደር» የሚል ውክልና ቤት አይሸጥም። ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሽረው ወይም ሲሞት ይቀራል። «ለጊዜው በውክልና ያዙት፣ ስሙን ቀስ ብለን እናዛውራለን» ካሏችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ተከራዮቹስ? አምስት ክፍል ውስጥ አምስት ቤተሰብ አለ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ውል አላቸው? ተመዝግቧል? ፈቃድ የሌለው ክፍል ላይ የተጻፈ የኪራይ ውል ራሱ ጣጣ ነው። ሰዎቹን ግን «ውጡ፣ ቤቱ ተሸጧል» ብለሽ በአንድ ሌሊት የምታስወጫቸው እንዳይመስልሽ። አንቺም ዘጠኝ ዓመት ተከራይ ነበርሽ።

ወደ ግንባታው ራሱ እንግባ፤ እኔ ከወረቀቱ ይልቅ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ወረቀት ቢበላሽ ገንዘብ ነው የሚጠፋው።

ሦስት ሰርቪስ ሲሠራ በላዩ ፎቅ ይመጣል ተብሎ ታስቦ ነበር? ወይስ ሰርቪሱ ለቆርቆሮ ጣሪያ ተሠርቶ፣ በኋላ «ሶሌታ ብንሞላበትስ» ተባለ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለቆርቆሮ የተቆፈረ መሠረት ሶሌታና ሁለት ክፍል ሰው አይሸከምም፤ ቢሸከምም የሚቆይበትን ቀን ማንም አይነግርሽም። ስለዚህ የራሳችሁን ሲቪል መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን ወዳጅ ወይም ደላላው የሚያመጣውን ሳይሆን የራሳችሁን፣ ከፍላችሁ የምታመጡትን። ኮለን፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶ፣ አለው ወይስ ሶሌታው በብሎኬት ግድግዳ ላይ ነው የተቀመጠው? ኮለኑ እስከ መሠረት ይወርዳል? ጥግ ላይ ትንሽ አስቆፍሮ መሠረቱን ማየት ይችላል። ሶሌታው ከሥሩ ሲታይ ሆዱ ወርዷል? ፌሮው ዝጎ አርማታው ተልጧል? ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ አለ? በቅርቡ ቀለም የተቀባ ክፍል ካለ እሱን ጠንቅቆ ይየው። መሐንዲሱ ሽሚት ሐመር በሚባል መዶሻ መሰል መለኪያ የአርማታውን ጥንካሬ ሊገምት ይችላል፣ ግን ያ መሣሪያ ውስጥ ያለውን ፌሮ አይቆጥርም።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ከፈንታሌ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ አልጋ ሲነቀንቅ አንቺም ሳይሰማሽ አይቀርም። ያን ጊዜ ስንቱ ሰው ልጁን አቅፎ ወደ ግቢ እንደወጣ አውቃለሁ። እማማን ከዚያ ወዲህ አዲስ ስንጥቅ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ደግ ሰው ናቸው ብለሽኛል፤ እንግዲያው እውነቱን ይነግሩሻል።

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው? ይህን የሚጠይቅ ገዢ ብዙ አይገጥመኝም። 150 ካሬ ግቢ ውስጥ ከኋላ አጥር ጋር ተጠግቶ የተሠራ ሰርቪስ ብዙ ጊዜ ያረፈው ጉድጓዱ ላይ ወይም ጥጉ ላይ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ አሁን ስድስት ቤተሰብ እያስተናገደ ነው። በምን ያህል ጊዜ ይመጠጣል? መኪናው ሲመጣ ክዳኑ የት ነው የሚከፈተው? ክዳኑ የአንዷ ተከራይ አልጋ ሥር ከሆነ ነገሩ ገብቶሻል።

ቆጣሪውንም እዪ። አምስት ክፍል በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ምን እንደሚሆን አስቢ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሁለት ሴቶች በአንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋግሩ ያ ቀጭን ሽቦ ይግላል። ኮርኒሱ ውስጥ የሚያልፈውን መስመር ኤሌክትሪሺያን ያሳያችሁ።

የበረንዳው ነገር ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው። እሱ ቢፈርስም ሳሎኑ ይጠባል እንጂ ቤቱ ቤት ሆኖ ይቀራል። አትጨነቂበት።

ሜትር ይዘሽ ደግሞ ወሰኑን ለኪ፤ የተሻለው ሰርቬየር ነው። ካርታው ላይ ያሉት ነጥቦች መሬት ላይ የት እንደሚያርፉ ያሳይሻል። ከኋላ ያለው ግድግዳ የማን ነው? የብረት ደረጃው የተደገፈው በማን አጥር ላይ ነው? የላይኛው ክፍል መስኮት የሚያየው የማንን ጓሮ ነው? መሃል ከተማ ደግሞ አንድ ሌላ ጣጣ አለ። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ብዙ ግቢ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ የግል፣ ግማሹ የቀበሌ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አጠገባችሁ ያለው የቀበሌ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ሰርቪሱም ከእሱ ጋር ግድግዳ ሊጋራ ይችላል። ይባስ ብሎ ከሰርቪሶቹ አንዱ ራሱ በመዝገብ የቀበሌ ሆኖ እንዳይገኝ ወረዳው ላይ አጣሩ። ጎረቤትም ጠይቂ። ደላላው የማያውቀውን፣ ወይም አውቆ የማይነግርሽን፣ ከጎን ያሉት እናት ቡና እየቆሉ ይነግሩሻል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ልባችሁ አሁንም ቤቱ ላይ ከሆነ፣ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ሻጮቹ ራሳቸው፣ በራሳቸው ስም፣ ወደ ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ሄደው ሰርቪሱ ሊስተካከል ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። የፕላን ስምምነት የሚባለው ነገር አለ፤ ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚነግር ነው። ከእሱ መጀመር ይቻላል። መልሱ «ይቻላል» ሊሆን ይችላል፤ ፕላን ተሠርቶ፣ ቅጣት ካለ ተከፍሎ። «ፕላኑ ለዚህ ቦታ የሚፈልገው ሌላ ነው» የሚልም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም መልስ ነው። መልስ ያልሆነው «ከገዛችሁ በኋላ እናንተ ታስተካክሉታላችሁ» የሚለው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ለባለቤቱ ያልቀለለ ነገር ለአዲስ ገዢ አይቀልም።

ከዚያ ዋጋውን አቅርቡ። ያለ ፈቃድ ከሆነ መነሻችሁ ደላላው የተናገረው 8 ነው፤ ከዚያም ላይ የማፍረሻውንና ፍርስራሹን የመጫኛውን ወጪ ቀንሱ። ፈቃዱ በእጅ ከመጣና መሐንዲሱ ጤነኛ ነው ካለ ስለ 11 መነጋገር ይቻላል። እማማ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ» ያለውም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የማይጠይቅ ሰው በዚህ ከተማ አይጠፋም። ይግዛው። አንቺ ቀደመኝ አትበይ።

ቀብዱን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ሲያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። አሁን 600 ሺህ ከፍላችሁ ከወር በኋላ «ፈቃድ የለውም ለካ» ብትሉ ገንዘቡ ቀለጠ። ፈቃድ እንደሌለው አስቀድማችሁ ታውቁ ነበራ! ሻጭ ገዢው ያላወቀውን ጉድለት ነው ኃላፊ የሚሆንበት፤ እያወቁ የገዙት ጉድለት ላይ ክስ አይቆምም። ስለዚህ ምንም ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ የወራሽነት ማስረጃው እስከዚህ ቀን ካልወጣ፣ ወራሾቹ ሁሉ ካልፈረሙ፣ የፈቃዱ መልስ ይህ ካልሆነ፣ ባንኩ ይህን ያህል ካላበደረ፣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ገንዘቡም በባንክ ይተላለፍ፣ በፌስታል አይሁን። 600 ሺህ ደግሞ ለዚህ ደረጃ በዝቷል። ሥራቸውን ጨርሰው ያልመጡ ሻጮች ይህን ያህል መያዝ የለባቸውም።

አሥር ቀን ስላሉት፦ አራት ወራሽ ያለበት፣ አንዷ ባሕር ማዶ ያለችበት ቤት በአሥር ቀን አይሸጥም። ቢሸጥም ውሉ ውል አይሆንም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ አለበት፤ ደላላው ቢሮ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ለዚህ አይበቃም። ችኮላው የደላላው ነው እንጂ የቤቱ አይደለም።

ውሉ ላይ 5 ሚሊዮን ይጻፍ ያሉትን እርሱት። ሰው የ2 በመቶ ቴምብር ለማትረፍ ብሎ ስንት ሚሊዮን እንደሚያጋልጥ ሳይ ይገርመኛል። ነገ ውሉ ቢፈርስ፣ ከወራሾቹ አንዱ ቢቃወም፣ ፍርድ ቤት «የከፈላችሁት ይመለስላችሁ» ቢል የሚያየው የተጻፈውን ነው። የቀሩትን 6 ሚሊዮን ከማን ትጠይቃላችሁ? ደግሞም ሕገ ወጥ ነው። ክፍለ ከተማውም የራሱን ግምት ይሠራል፤ ያሰባችሁት ቅናሽ ላይገኝ ይችላል።

የሊዙን ነገርም ባለቤትሽ ይጠይቅ። የሟች ይዞታ ነባር፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ከሆነ፣ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ለልጆቹ ሲያልፍ ውርስ ነው፤ ለእናንተ ሲያልፍ ሽያጭ ነው። ክፍያው ስንት እንደሚመጣ አሁን ይታወቅ፣ ከፈረማችሁ በኋላ አይሁን።

ደላላው «ፈቃድ ያለው ሰርቪስ አሳዪኝ» ብሎ መሳቁ አናዶኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ይህ ከተማ በሰርቪስ ነው የቆመው። ስንቱ ተማሪ፣ ስንቱ አዲስ ተጋቢ፣ ስንቱ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሠራተኛ የሚያድረው ፈቃድ በሌለው ክፍል ነው። እናትየውም ልጁም ክፉ ሰው ሆነው አይደለም የሠሩት፤ ባል ከሞተ በኋላ ቤቱ የቆመው በዚያ ኪራይ ይሆናል። ግን ደላላው ይህን የሚነግርሽ ለእነሱ አዝኖ አይደለም። እሱ የሚያስበው ኮሚሽኑን ነው፤ ኮሚሽኑም ከ8 ይልቅ ከ11 ሲታሰብ ይሻለዋል።

ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሪ «አልኩህ አይደል» በሚል አትጀምሪ። ወረቀቱን አውጪና 30 ሺውን አብራችሁ ሰርዙ። መሐንዲሱን እሱ ይፈልግ፣ ክፍለ ከተማውን አንቺ ሂጂ። ሰው ራሱ ያጣራውን ነው የሚያምነው። ከገዛችሁ ደግሞ ስሙ በሁለታችሁም ይሁን።

ኩሽናውን የጠየቅሽኝ አለ። ቀለም፣ ሴራሚክ፣ ኮርኒስ፣ ቁምሳጥን፣ የተበላሸ ቧንቧ መቀየር፣ እነዚህ እድሳት ናቸው፤ በወጉ ሥሪ። ግድግዳ አፍርሰሽ ከሳሎኑ ጋር ላገናኘው፣ ወደ ግቢው ሁለት ሜትር ላውጣው፣ ጣሪያውን ከፍ ላድርገው ካልሽ ግን ከመጀመርሽ በፊት ወረዳው ላለው የግንባታ ፈቃድ ባለሙያ አሳውቂ። ከድሮ ቤት ግድግዳዎች ጣሪያውን የተሸከመው የቱ እንደሆነ ከውጭ አያስታውቅም፤ ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነም ብዙ አለ። ግንበኛው «ኧረ ይሄ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል» ካለሽ፣ ቢፈርስ ሊከፍል መፈረም ይችል እንደሆነ ጠይቂው።